ጫት ከገባ በኋላ የሚናገረው ዴፑቴ

አባቴ ዴፑቴያችንን፣ ምክር ቤት የላክነውን ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ተከታትሎታል፤ ሲናገር ግን አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ሰውየው ዲዳ ስለሆነ አይደለም። ይናገራል፣ ያውም ደህና አድርጎ። ግን የሚናገረው ሁልጊዜ ጫት ከገባ በኋላ ነው፤ ጫት ከገባ በኋላ ደግሞ በሰፈራችን፣ በጅቡቲው ካርቲየ 2፣ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። ይህን ቀላል ነገር ለማወቅ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አባቴን ለማሳመን ደግሞ አንድ ሙሉ የጫት ጠረጴዛ ከቦታው ማስነሳት ነበረብኝ።

ሱቃችን የጨርቅ ሱቅ ነው። ድሪያ፣ ሽቲ፣ ሻሽ፣ የወንድ ሽርጥ፣ ሰርግ ሲደርስ ደግሞ ከዱባይ የሚመጣውን የሚያብለጨልጭ ጨርቅ እንሸጣለን። አባቴ ከድሬዳዋ በአሮጌው ባቡር ወርዶ፣ መጀመሪያ ጨርቁን በትከሻው እያዞረ፣ ኋላ በጋሪ እየገፋ፣ በመጨረሻ የከፈታት ሱቅ ናት። ወንድሞቼ አልፈለጓትም፤ አንዱ ወደብ ገባ፣ አንዱ ፈረንሳይ ሄደ። ሊሴ እንደጨረስኩ የገባሁባት እኔ ነኝ፣ ወድጄ ነው የገባሁት። አዲስ ጣቃ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ የሚያሰማውን ድምፅ የማይወድ ሰው ጨርቅ ነጋዴ አይሁን እላለሁ።

ሱቋ አንድ ጠላት ነበራት፤ ውሃ። ጅቡቲ ላይ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን የዓመቱን በአንድ ጧት ያራግፈዋል። ከዋናው መንገድ የሚወርደው የጎርፍ ቦይ ደግሞ የእኛ መንደር አፍ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ለምን እዚያ እንዳለቀ የሚያውቅ የለም። ያመጣውን ውሃ ሁሉ እኛ ደጃፍ ደፍቶ ይቆማል። ስለዚህ የሱቃችን የታችኛው መደርደሪያ ለዓመታት ባዶውን ኖሯል፤ ደንበኛ ወንበር ያጣ ቀን ይቀመጥበታል እንጂ ጨርቅ አይነካውም። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር የቀረውንም ጣቃ እየተሸከምን ወደ ላይ እናወጣለን። የደረስንበትን እናድናለን፣ ያልደረስንበት ጭቃ ጠጥቶ መወልወያ ይሆናል።

በመጨረሻው ጎርፍ አባቴ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ አንድ ሐምራዊ ጣቃ ራሱ ላይ እንደተሸከመ፣ "አንቺ ልጅ፣ እኔ ከእንግዲህ ጉልበት የለኝም። ሌላ አንድ ጎርፍ ብቻ ይምጣ፣ ከዚያ ቁልፉን እሰጣለሁ" አለኝ። ጣቃውን ከራሱ ላይ ተቀብዬ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። 

ለማን እንደሚሰጥ እናውቅ ነበር። ከጎናችን ያለው የስልክ ነጋዴ ግድግዳውን አፍርሶ ሱቁን ማስፋት ይፈልጋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ረመዳን ሲገባ ሳምቡሳ የሚልክልን እሱ ነው። ግን ስልክ ከፍ ብሎ መስታወት ውስጥ ይሰቀላል፣ ጎርፍ ቢመጣ አይደርስበትም። አባቴን ባገኘው ቁጥር "ሐጂ፣ አስብበት እንጂ" ይለዋል። እኔን አስቢበት ያለኝ የለም።

የኔ ተስፋ ዴፑቴው ነበር። በዚህ ከተማ የምክር ቤት አባልን ዴፑቴ ነው የምንለው። በወረቀት የከተማዋ ሁሉ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ከሱቃችን ጀርባ ስለሆነ ግን ሰፈሩ "ዴፑቴያችን" ይለዋል፣ ሲያስቀይም ደግሞ "ዴፑቴያችሁ" እንባባላለን። የተመረጠ ሰሞን የሽማግሌዎቹን እጅ እየጨበጠ መንደሩን ዞረና ቦዩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ "ይህን ምክር ቤት ውስጥ አነሳዋለሁ" አለ። አባቴ ያን ቃል ያዘ። አባቴ ቃል ከያዘ መዥገር ነው፣ አይለቅም።

ክትትሉ ተጀመረ። ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት ቀን ቀጥታ ሥርጭቱ የሚጀምረው ጧት ነው። አባቴ ሱቁ ውስጥ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ወደ በሩ ያዞረዋል፤ ከደጃፉ፣ ከሸራው ጥላ ሥር፣ አግዳሚው ላይ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይደረደራሉ። ጡረታ የወጣ የወደብ ሠራተኛ አለ፣ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር አለ፣ የአረብኛ አስተማሪ የነበረ አለ። ዴፑቴው የሚቀመጠው ከኋለኛው ረድፍ በግራ ጥግ ነው። ካሜራው ሲያልፍበት "ያውላችሁ" ይባባላሉ። ድምፅ ሲሰጥ ዓይናቸው ከእጁ ላይ አይነሳም።

"አነሳ።"

"አነሳ ይባላል እንዴ? ሰው ሁሉ ካነሳ በኋላ እኮ ነው።"

"ቢሆንም አነሳ።"

ውሃ ከጠጣ ይወራለታል። መነጽሩን ከጠረገ ይወራለታል። ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ከተንሾካሾከ፣ ስለ ምን እንደሆነ እስከ ምሳ ይገመታል። ሚስቱ እንኳ ይህን ያህል አይታው የምታውቅ አይመስለኝም። የሚጠብቁት ግን አንድ ነገር ነበር፤ ከዚያ ወንበር ተነስቶ ስለ ቦዩ ሲናገር።

እኩለ ቀን አለፍ ሲል ጡሩምባው ይሰማል። ከድንበር ጫት ጭነው የሚመጡት መኪኖች ከተማ ሲገቡ እጃቸውን ከጡሩምባው ላይ አያነሱም። ያ ድምፅ ከተሰማ አግዳሚው ባንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ጫት በሰው እጅ አይመረጥማ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሻጭ አለችው፤ ጠረጴዛዋ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ እርጥቡን ጆንያ ገልጦ፣ እስሩን አገላብጦ ነው የሚወስደው። የዘገየ ሰው የተራረፈውን ይለቅማል። ስለዚህ ሚኒስትር እየተናገረ ይሁን ሕግ እየጸደቀ ግድ አይሰጣቸውም፣ ብድግ ነው። ጫቱን ይዘው ምሳ፣ ከምሳ መብራዝ። መብራዝ ፍራሽ የተነጠፈበት፣ ወንዶች ትራስ ተደግፈው እስከ ማታ እየቃሙ የሚያወጉበት ክፍል ነው። እዚያ ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ወሬ ያበላሻል ይላሉ። የዴፑቴው ፍርድ የሚሰጠው እዚያ ነበር፤ ፍርዱም ሁልጊዜ አንድ ነው። አልተናገረም።

መጀመሪያ ላይ "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" እያሉ የሚከራከሩለት ነበሩ። አዲስ ነው፣ ይልመድ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እንቁላሉ ዓመት ሞላው። ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ስሙን "አባ ዝም" አሉት። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በመንደሩ ሲያልፍ ሰላምታውን በግማሽ አፍ ነው የሚመልሱለት። አባቴ ጭራሽ ከመቀመጫው መነሳት ተወ። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ለመጣበት ሰው ካልተነሳ ሌላ ስድብ አያስፈልግም። ዴፑቴው ግን ቆሞ "አዴሮ፣ እንዴት ነህ?" ይለዋል፤ አዴሮ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። አባቴ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞራል፣ ተዘግቶ እንኳ ቢሆን።

አንድ ቀን ለሰርግ የታዘዘ ጨርቅ ስለነበረብኝ እኩለ ቀን ላይ ሱቁን ሳልዘጋ ቀረሁ። እዚህ ከተማ ከሙቀቱ የተነሳ ሱቅ ሁሉ እስከ አስር ሰዓት በሩን ያወርዳል፣ መንገዱ ላይ ድመት እንኳ አይታይም። ጡሩምባው ተሰምቶ አግዳሚው ባዶ ሆኗል። ቴሌቪዥኑን የዘጋው አልነበረም። እኔ ወደ መቀሴ አቀርቅሬ ሳለ የሰፈራችንን ሰው አነጋገር ሰማሁ። ቀና ስል አባ ዝም ቴሌቪዥኑ ውስጥ ቆሟል።

ቆሞ ብቻ አይደለም፣ ሚኒስትር ያፋጥጣል። ስለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ነበር የሚጠይቀው። የተሰጠው መልስ ሳይጥመው ቀረና እንደገና ጠየቀ። መቀሱ የሰው የሰርግ ጨርቅ መሃል እንደገባ ቀረ። ንግግሩ ሲያልቅ ብቻዬን ባዶ ሱቅ ውስጥ ቆሜ እስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ባለ ቁጥር ሱቅ ውስጥ መዋል ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ጣመኝ። ሚኒስትሮቹ፣ ኮሚቴዎቹ፣ ነባሮቹ አባላት ተራ በተራ ይናገራሉ፤ ጡሩምባው ይነፋል፤ ሽማግሌዎቼ ይበተናሉ፤ ከዚያ በስተመጨረሻ ከግራ ጥግ አንድ እጅ ይወጣል። አንድ ቀን የትናንሽ ነጋዴዎችን ክፍያ የሚመለከት አንቀጽ ላይ ድምፅ ሲሰጥ እጁ ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ከዚያ ተነስቶ ለምን እንዳላነሳ አስረዳ። 

ለአባቴ ነገርኩት። እኔና እሱ አንቱ አንባባልም፣ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም፤ እንደ ጓደኛ ነው የምንጨቃጨቀው።

"አባዬ፣ ሰውየው ይናገራል። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የሚናገረው።"

"እኔ ከሄድኩ በኋላ?" ሳቀ። "አቦ ተይኝ እንግዲህ። ፈርቶኝ ነው?"

"ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት።"

"አንቺ ሱቁ እንዳይሸጥ የምትፈልጊ ልጅ ነሽ። ለጉዳይሽ ብለሽ ግንቡንም ታናግሪዋለሽ።"

የምክር ቤቱን ንግግር ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁና አሳየሁት። አላየውም። በዚያው ሳምንት መብራዙ ውስጥ አንዱ በስልኩ ፍየል በፈረንሳይኛ ዜና ስታነብ አሳይቶት ነበር። "ስልክ የፈለግሽውን ያናግራል" አለኝ፤ "ፍየል ያናገረ ስልክ አባ ዝምን ማናገር ያቅተዋል?" በዚህ መልስ መብራዙ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ሰነበተ። እኔ አልሳቅሁም።

አንድ ቀን ዴፑቴው ራሱ ሽርጥ ሊገዛ ሱቅ ገባ። አባቴ አልነበረም። አረንጓዴ መስመር ያለው እየዘረጋሁለት ሳለ ጨርቁን በጣቱ እየዳሰሰ፣ "እህቴ፣ ሰፈሩ ምን አድርጌው ነው የተቀየመኝ?" አለኝ።

"አትናገርም ብለው ነው።"

"አልናገርም? በየስብሰባው እኮ ነው የምናገረው።"

"ትናገራለህ፣ ግን ጫት ከገባ በኋላ ነው የምትናገረው።"

 ሳቅ ያዘውና ባዶው የታችኛው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ለካስ በሕይወቱ ጫት ቀምሶ አያውቅም። ጡሩምባውን እንደማንኛውም የመኪና ጫጫታ ነው የሚሰማው፤ ያ ድምፅ የሰፈሩን ጆሮ ሁሉ ይዞት እንደሚሄድ ጠርጥሮ አያውቅም። ጅቡቲ ተወልዶ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ ራሱ ያስገርማል።

"ታዲያ ቀደም ብለህ ተናገራ" አልኩት።

"አዲስ ገቢ ነኝ፣ ነባሮቹ ይቀድማሉ። ተራ ነው፣ ታላቅ አይዘለልም።" ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "ቦዩን አልረሳሁትም" አለኝ። "የግንባታ ሥራ በጀቱ የሚቀርብ ቀን አነሳዋለሁ። ከዚያ በፊት ባነሳው ገንዘብ የሌለው ወሬ ነው የሚሆነው።"

ቀኑን ነገረኝ። ደስታዬ ግን እስከ ማታ እንኳ አልቆየም። ለካስ የስልክ ነጋዴውም ያን ቀን ይጠብቃል። አባቴ፣ "በጀቱ የሚቀርብ ቀን ያ ሰው ካልተናገረ ጎርፉንም አልጠብቅ፣ በማግስቱ ቁልፉን ውሰድ" ብሎታል። ይህን የነገረኝ ራሱ አባቴ ነው፣ ለዴፑቴው የመጨረሻ ዕድል እንደሰጠው አድርጎ፣ ኩራት ኩራት እያለው። ዴፑቴው ይናገራል። አባቴ ግን በዚያ ሰዓት ጫት ሲመርጥ ነው የሚገኘው። ሱቄ በዚህ መሃል ልትቀር ነው።

ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት። ጫቱን ሰው ያምጣለት እንዳልል አይሆንም፣ በሰው እጅ የተመረጠ ጫት አይቀምም። እንዲቀር ብለምነው አይሰማኝም። እሱን ወደ ጫቱ ከመሄድ መከልከል ካልቻልኩ የቀረኝ ጫቱን ወደ እሱ ማምጣት ነው፤ ጫቱን ብቻ አይደለም፣ ከነሻጯ፣ ከነጠረጴዛዋ፣ ከነጆንያዋ።

ሻጯ ማዕዘኑ ላይ ፀሐይ ላይ ነው የምትሸጠው። ግንባሯ ላይ ሻሿን አጥብቃ የምታስር፣ ወንድ ሁሉ የሚፈራት ሴት ናት። አባቴም ሽማግሌዎቹም ከዓመታት ጀምሮ የሷ ደንበኞች ናቸው።

"ለአንድ ቀን ጠረጴዛሽን እኔ ደጃፍ አምጪው" አልኳት።

"አበዮ፣ እህቴ፣ ደህና ነሽ? ደንበኞቼ ያጡኛል እኮ።"

"ደንበኞችሽ ከኔ ደጃፍ ነው ተነስተው የሚመጡልሽ።"

አሰበችና ሳቀች። "አባትሽስ? ሱቄ ፊት ጫት አይሸጥም ብሎ አንዴ አባሮኛል።"

አባሯታል፣ እውነት ነው። ከጆንያው የሚንጠባጠበው ውሃና የሚረገፈው ቅጠል ጨርቅ ያበላሻል ይላል። "ለአባቴ እኔ አለሁ" አልኳት። ምን ትፈልጊያለሽ ስላት ጥላ ብቻ አለችኝ። እዚያ ማዕዘን ላይ ስትቆም አናቷ ሲነድ ነው የሚውለው።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከጧት ጀምሮ ተደርድረዋል፤ የስልክ ነጋዴውም በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። አባቴ የተተኮሰ ሽርጥ ለብሶ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ለፍርድ እንደተቀመጠ ቃዲ ሆኗል። በጀቱ ተነበበ። አንዱ ነባር ተናገረ፣ ሌላው ቀጠለ። ዴፑቴው በግራ ጥግ ወረቀቱን ያገላብጣል። "ያው ነው" አለ ሹፌሩ። "እንደ ልማዱ" አለ አስተማሪው። ፀሐይዋ ከአናታችን አለፍ ስትል ሻጯ ጠረጴዛዋን በጋሪ አስጭና መጣች፤ ከአግዳሚው ጀርባ፣ እኔ በነገርኳት ቦታ፣ ድምፅ ሳታሰማ አቆመችው። ሁሉም ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለነበር ዞሮ ያየ አልነበረም።

ጡሩምባው ተነፋ። እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉ። አባቴ ቀድሞ ነው የተነሳው። ዞር ሲል ጠረጴዛው ከፊቱ ተገተረ። የጫት መኪናዋም እኛ ደጃፍ ደርሳ ቆማ፣ እስሮቹ እየተወረወሩ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሽማግሌው ሹፌር ከዘራውን ጥሎ ሲያነሳ ከወደብ ሠራተኛው ጋር ተጋጨ።

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ጫት ነው፣ አባዬ።"

"ማን ፈቀደ?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀረብኩት። "እኔ። ቆጣኝ፣ ግን ተቀምጠህ ቆጣኝ። ጫትህ መጥቶልሃል፣ ምሳው አይሸሽም።"

ሻጯ ጆንያውን ገለጠችለት። "ሐጂ፣ ምረጥ። ዛሬ የመጀመሪያው እጅ ያንተ ነው" አለችው። የመጀመሪያው እጅ የተሰጠው ሰው እምቢ አይልም። እየተነጫነጨ አገላበጠ፣ አንዱን አነሳ፣ ጣለ፣ ሌላ አነሳ። ከዚያ እስሩን ይዞ መሄጃ ምክንያት አጣ። ተቀመጠ። እሱ ሲቀመጥ ሁሉም ተቀመጡ፣ እስሮቻቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሰዓት በኋላ ያለውን ስብሰባ አይተው የማያውቁ ሰዎች፣ ምክር ቤቱ ያለነሱም እንደሚቀጥል የገረማቸው ይመስሉ ነበር።

ከግራ ጥግ እጁ ወጣ።

"ያውላችሁ" አለ አንዱ። ዴፑቴው በፈረንሳይኛ ጀመረ። ሰብሳቢውን አመሰገነ፣ የበጀቱን ክፍል ጠቀሰ። አባቴ ወደኔ ዞሮ ትርጉም እንዳይጠይቀኝ ፈራሁ፣ የኔን ትርጉም አያምንማ። ሰውየው ግን ወረቀቱን አስቀመጠና በሶማሊኛ ቀጠለ።

ያደገው ቦይ ከሚያልቅበት መንደር መሆኑን ተናገረ። "ልጅ ሆኜ" አለ፣ "ዝናብ በመጣ ቁጥር አንድ ጨርቅ ነጋዴ ጣቃውን በራሱ ተሸክሞ ውሃ መሃል ሲቆም አይ ነበር። ያኔ ጸጉሩ ጥቁር ነበር። ባለፈው ጎርፍም አየሁት። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ጣቃው ግን አሁንም ራሱ ላይ ነው። ቦዩ መንደሩ አፍ ላይ የቆመው ለምን እንደሆነ ክቡር ሚኒስትሩ እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ።"

አግዳሚው ላይ ያለ ሰው ሁሉ አባቴን አየ። አባቴ ማንንም አላየም። ጉልበቱ ላይ ያለውን እስር በሁለት እጁ ጭብጥ አድርጎ ይዞታል። ሚኒስትሩ ያ ቦይ በዓመቱ ሥራ ውስጥ እንደሚገባ መለሰ። ዴፑቴው አልተቀመጠም፤ "የትኛው ወር?" ብሎ ጠየቀ። ወሩም ተነገረ። ከዚያ በጀቱ ለድምፅ ቀረበና እጆች መውጣት ጀመሩ። በግራ ጥግ ያለው እጅም ወጣ።

ያኔ አባቴ የራሱን እጅ አነሳ። ጫቱን እንደያዘ፣ ካርቲየ 2 አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ለበጀቱ ድምፁን ሰጠ። አስተማሪውም አነሳ። ሹፌሩ ግራ ቀኝ አየና አነሳ። ሻጯ እርጥብ እጇን ከጠረጴዛዋ ጀርባ ስትዘረጋ አየኋት። እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በሰርጌ ቀን እንኳ አላውቀውም፣ ባሌ ይህን ቢያነብ አይቀየመኝም።

የስልክ ነጋዴው በማግስቱ ሲመጣ አባቴ "ዝናቡን እንጠብቅ" አለው። ዓርብ ዴፑቴው በመንደሩ ሲያልፍ ደግሞ ከሩቅ አይቶት ተነሳ። በሁለት እጁ ጨበጠው። "ልጄ፣ ለምን እስከዚያ ሰዓት ትቆያለህ?" አለው። "ነባሮቹ ይቀድማሉ፣ አዴሮ" ሲለው አባቴ ለታላቅ ቅድሚያ መሰጠቱን ወደደውና፣ "ግድ የለም፣ እኛ እንቆያለን" አለ። ቆዩም። የጫቱ ጠረጴዛ ወደ ማዕዘኑ አልተመለሰም። አባቴ ስለሚንጠባጠበው ውሃ ዛሬም ይነጫነጫል፣ አንሺው ያለበት ዕለት ግን የለም። መብራዙም አሁን የሚከፈተው ስብሰባው ሲያልቅ ነው።

በተባለው ወር ቆፋሪዎች መጡ። መንደሩ ተገለበጠ፣ አቧራው ጨርቃችንን ሁሉ አለበሰው፣ ደንበኛ ጠፋ። አላማረርኩም። ቦዩ በደጃፋችን አልፎ ወደ ታች ወረደ፣ በላዩ የሲሚንቶ ክዳን ተደረደረበት።

ከዚያ አንድ ጧት ሰማዩ በባሕሩ በኩል ጠቆረ። ለዓመታት እጄ የለመደውን አደረግሁ፣ ጣቃዎቹን እየተሸከምኩ ወደ ላይ ማውጣት። ዝናቡ ወረደ፣ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ባሕር መሰለ። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል፣ የስልክ ነጋዴው በራሱ በር ላይ ቆሟል፣ እኔ መሰላሉ ላይ ሐምራዊ ጣቃ ታቅፌ ቆሜያለሁ። ውሃው ደጃፋችን ድረስ መጣ፣ ከዚያ በክዳኖቹ መሃል እየተንዶቆዶቀ መውረድ ጀመረ። ደፉ ላይ ደርሶ ሳያልፍ ቀረ። ከእግራችን ሥር ሲሮጥ ይሰማ ነበር።

"ሐጂ" አለ የስልክ ነጋዴው በመጨረሻ፣ "ስለዚያ ነገር..."

"ስለ ሱቁ ከሆነ" አለ አባቴ ወደ መሰላሉ እየጠቆመ፣ "ባለቤቷ እዚያ ላይ ናት።"

ነጋዴው ወደኔ ቀና አለ። እኔ እንደማልሸጥ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እሱም ሳቀና ወደ ስልኮቹ ገባ። አባቴ ደፉን በእግሩ ነካ አድርጎ ደረቅ መሆኑን አየ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ ባዶውን የታችኛውን መደርደሪያ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ያን ሐምራዊ አውርጂው" አለኝ። "እዚያ ላይ ሰው አያየውም።"

ወረድኩና መደርደሪያውን በሻሼ ጠረግሁት። ከዚያ ሐምራዊውን ጣቃ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በሚገኘው በዚያ እንጨት ላይ አስቀመጥኩት።